ያልተደወለችው ረድፍ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 8

የመጀመሪያው ውርጭ ወደቀ። ጎመኑን ምንም አላደረገውም፤ ባቄላው ግን ጠቁሮ አደረ።

ጠዋት ቄስ ዴንቢ ባርኔጣቸውን ፍለጋ መጡ። እኔ ቤት ትተውት እንደሆነ ሊጠይቁ። አናታቸው ላይ ነው። ነገርኳቸው። ዳሰሱት። አመሰገኑኝ። ግን አልሄዱም… ተቀመጡ። ዳቦ ላቦካ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት በትኜ ነበር፤ በጣታቸው ቁጥር ይጽፉበት ጀመር። ጻፉ፣ አጠፉ፣ ጻፉ። ኬምብሪጅ ድረስ ሄዶ ሒሳብ የተማረ ሰው የኔ ዱቄት ላይ ምን ሊያገኝ ነው? ሲሄዱ ቁጥሩን ከነዱቄቱ አቦካሁት። ዳቦው ጥሩ ወጣ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋዮች ስም የሚጻፍበትን ጣውላ አለስልሼ ጨረስኩ። ባሉጥ ነው፣ ዘመን የማይበላው እንጨት። ለሬሳ ሣጥኔ ብዬ ስንት ዓመት ሳደርቀው የኖርኩት። ባለወፍጮው ሩበን፣ የደዋዮቹ አለቃ፣ አየና «አያ ጃቤዝ፣ ታዲያ አንተን በምን እንቅበርህ?» አለኝ። ለሥጋዬ ጥድ ይበቃዋል አልኩት። ለስሜ ግን ባሉጥ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጋሪ ጎማ ሠራሁ። አንዱም ላይ ስሜ የለም። ጎማ ላይ ስም አይጻፍም፤ ጭቃ ይበላዋል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 13

ጣውላው የደወሉ ማማ ውስጥ ተሰቀለ። የከተማው ቀለም ቀቢ በወርቅማ ቀለም ስምንት ስም ጽፎበታል። የኔ ከሁሉም ሥር፤ ትልቁን ደወል የምይዝ እኔ ነኝና። «ጃቤዝ ፔል»። ፊደሉን አንድ በአንድ አየሁት። የጎደለ የለም።

ከጸሎት በኋላ መጠጥ ቤት አንድ መርፌ ሻጭ መንገደኛ ነገሩ ምንድነው ብሎ ጠየቀኝ። አስረዳሁት። ስምንት ደወል፣ ስምንት ሰው፣ ስምንት ገመድ። ዜማ አንደውልም። ስምንቱም ተራ በተራ አንድ አንድ ጊዜ ሲመቱ አንድ ረድፍ ይባላል፤ ሰባቱ ደወሎች በየረድፉ ተራቸውን ይቀያየራሉ፤ አሁን የቀደመው ቀጥሎ ይከተላል። የኔ ትልቁ ብቻ ቦታውን አይለቅም፤ የረድፉ መጨረሻ ላይ እሱ ነው፣ እንደ አራት ነጥብ። ሕጉ አንድ ነው፦ ሊኖር የሚችለው ረድፍ ሁሉ ይደወላል፣ እያንዳንዱም አንዴ ብቻ። ያ ነው ሙሉ ደወላ ማለት። ሦስት ሰዓት፣ ያለ ዕረፍት። ወረቀት አይታይም። ገመድ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። የረድፎቹን አካሄድ ደግሞ ቄሱ ናቸው ሁለት ዓመት አስበው ከራሳቸው ያወጡት፤ እኛ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል ማግስት ደወልነው፤ ጣውላውም ለዚሁ መታሰቢያ ነው።

ሰውዬው ሁሉንም ሰማና «ለምን?» አለ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው እሱ?

ልጅ የለኝ። ሚስቴ ዶርካስ ከሞተች ሰባት ዓመቷ። ስሜ ሌላ የት ይቀመጣል? እዚህ ደብተር ላይ? ይሄን ማን ያነበዋል… አይጥ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 20

ቄሱ ዛሬ ስብከት መሃል ቆሙ።

ስለ ጠፋችው በግ ነበር። «ዘጠና ዘጠኙን ትቶ…» አሉና ዝም። አፋቸው እንደተከፈተ። ዓይናቸው ከኛ ራስ በላይ፣ ወደ ማማው። ልባቸው የቆመ መሰለኝ። እህታቸው ኦገስታ ሳሉ። ደግመው ሳሉ። በመጨረሻ «አሜን» ብለው ወረዱ። በጓ ሳትገኝ ቀረች።

በሩ ላይ ሩበን «ዛሬስ የጠፋው እረኛው ነው» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፊታቸውን አይቼዋለሁ። አመድ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21

መጡ። ቄሱ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። አልቀመጥም አሉ።

«አቶ ፔል፣ አንድ ረድፍ ሁለት ጊዜ ደውለናል።»

ማነው የተሳሳተው? አልኩ። ሦስተኛውን ገመድ የሚይዘውን በልቤ ልሰድብ ስል «ማንም» አሉ። «እናንተ የሰጠኋችሁን ደውላችኋል። የሰጠኋችሁ ነው የተሳሳተው።» አንዷ ሁለቴ ከተደወለች ሌላዋ ጨርሶ አልተደወለችም ማለት ነው አሉ። ትናንት መድረኩ ላይ ቆመው ነው ያገኟት። እንዴት እስከዛሬ አላዩም? አካሄዱ ቆንጆ ነበር አሉኝ። ቆንጆ ሲያይ ሰው አይመረምርም።

ማን ያውቃል ታዲያ? አልኳቸው። ሩበን አያውቅ፣ ቀለም ቀቢው አያውቅ። እርስዎና እግዜር ብቻ።

«እግዚአብሔር ዝም ማለት ይችላል» አሉ። «እኔ አልችልም። ማማው ሥር ባለፍኩ ቁጥር ያቺ ያልተደወለችው…»

ለሌሎቹ ሐሙስ እነግራለሁ፣ መጀመሪያ ግን እርስዎ ጋ መጣሁ አሉ። ለምን እኔ ጋ እንደሆነ አልተናገሩም። ማን ላይ እንደሚከብድ ያውቃሉ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ይውጡ አላልኳቸውም። በሩን ከፍቼ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ምንም አልሠራሁም። ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ቄሱ ማማው ውስጥ፣ ስምንታችን ፊት ተናገሩ። ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው አሉ። ከዚያ ሩበን አንገቱን አከከና ያቺን የቀረችውን አንዷን ብቻ ዛሬ ብንደውላትስ አለ። እኔም ይህንኑ ሳስብ ነበር። ቄሱ ጨው የተረሳበትን ዳቦ ከወጣ በኋላ ጨው ቢነሰንሱበት ምን ይሆናል ብለው ጠየቁት። ሩበን ዱቄት ያውቃል።

ጣውላውን ያወረደው እሱ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመው፣ እንደ ተቀጣ ልጅ።

እንደገና እንደውላለን፣ ተባባልን። ቄሱ አካሄዱን ያቃናሉ፣ እኛ እንማራለን፣ ሙሉ ደወላችን ይቃናል። ይሄን ስንባባል ሁሉም ወደ ትከሻዬ አየ። ከዚያ ከሦስት ሰዓቱ ደወላ ወዲህ ቀኝ እጄ ኮት መልበስ እንኳ እያቃተው ነው፤ ያውቃሉ።

ምን ታያላችሁ? አልኳቸው። እደውላለሁ። ሬሳዬ ነው ያንን ገመድ የሚለቀው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ልምምድ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ፣ ገመዱ ከእጄ ወጣ፣ ሌሎቹ ሁሉ በኔ ምክንያት ተደነቃቀፉ። ገመዱ እርጥብ ነው አልኩ። ገመዱ ደረቅ ነበር።

ሩበን ደረጃው ላይ ጠብቆ ያዘኝ። በክፉ አልነበረም። «አያ ጃቤዝ፣ ያንን ደወል ከአንተ ሌላ ሦስት ሰዓት የሚችለው ኔዘርኮት መንደር ያለው ኤፍሬም ራድል ብቻ ነው» አለኝ። ያንን ስም ማማው ውስጥ አትጥራ አልኩት።

ኤፍሬም የዶርካስ ወንድም ነው። ስንቀብራት ለሚስቴ የደወልኩላት ራሴ ነኝ። ለሌላ እጅ አልሰጥም ብዬ። ያኔ መቃብሩ አፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እህቴን እንደ ሰካራም እግር በሚንገዳገድ ደወል ቀበርካት» አለኝ። ሰባት ዓመት አላየሁትም። መንገድ ላይ ካየሁት በአጥሩ ማዶ አልፋለሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 3

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ይጠይቁ።

ከሰዓት ኦገስታ አይብ ይዘው መጡ። አይብ ሰበብ ነው። ወንድማቸው አይበሉም። ለሒሳባቸው ጠመኔ ከነኩ ቆዩ። ሰው ሲያናግራቸው ይሰማሉ፣ ሲጠየቁ ይመልሳሉ። «ዛሬ ሁለቱም ካልሲው አንድ ዓይነት ነው» አሉኝ። እዚያ ላይ ነው እኔም የፈራሁት። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ መንደር ሲኖሩ ካልሲያቸው ገጥሞ አያውቅም።

ሩበን በየቀኑ የተቃናውን አካሄድ ይጠይቃቸዋል። ገና ነው ይሉታል። ኦገስታ ግን አልቋል አሉኝ። ከቀናት በፊት። አልቆ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፏል።

ታዲያ ለምን ይደብቁታል?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

የእሳት ቀን፤ በየዓመቱ የድሮ ከሃዲ ምስል ከጭድ ተሠርቶ የሚቃጠልበት። ልጆቹ የጭድ ሰውዬአቸውን በመንደሩ ሜዳ ሲያዞሩ ዋሉ፣ ሲመሽ ለኮሱት። እኔም ለመሞቅ ወጣሁ።

ቄሱ ቅርጫት ታቅፈው መጡ። ሰው ቅርንጫፍ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። እኔ እሳቱ አጠገብ ስለነበርኩ አየሁ፦ ወረቀት። ቁጥር በቁጥር፣ ረድፍ በረድፍ፣ ያቺ የእሳቸው ደቃቅ ጽሕፈት። ቅርጫቱን ያዝኩት። አልለቅም አሉ። ሁለት ሽማግሌ እሳት ዳር ስንጓተት…

«ይሄ ምንድነው?»

«አዲሱ ነው። ሦስቴ መረመርኩት። ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ከሆነ ለምን ይቃጠላል?»

ወደ ትከሻዬ አላዩም። ሰው ሁሉ ሲያፈጥበት የከረመውን እሳቸው ብቻ ሆን ብለው አላዩትም። ያኔ ገባኝ።

«ይህ ከሌለ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማንም ገመድዎን አይጠይቅዎትም።»

ምን ልበል? ተሳደብኩ። ማን ለመነዎት አልኳቸው። እኔ ከማንም ምጽዋት ተቀብዬ አላውቅም፣ ከእርስዎም አልቀበልም፣ ይልቅ ካልሲዎን ይቀያይሩ። ቅርጫቱን ነጥቄ ወደ ቤቴ። ሕዝቡ አየን። ይየን።

ቅርጫቱ አሁን አልጋዬ ሥር ነው። ጢሱ ዓይኔን አቃጥሎኛል።

ዶርካስ የሞተች ጊዜ መናገር አቅቶኝ ነበር። እህል አልል፣ ውሃ አልል። ቄሱ በየቀኑ እየመጡ ፊደል አስተማሩኝ። በስድሳ አራት ዓመቴ! ካልተናገሩት ይጻፉት ብለው ይህን ደብተር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ አየሁት። ስሟን ብቻ ነው የጻፍኩት፣ እሱንም አጣምሜ።

የሁለት ዓመት ሐሳባቸውን ለኔ ክንድ ብለው እሳት ሊከቱት! የተማረ ሞኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

ኔዘርኮት ሄድኩ። በእግሬ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት።

ኤፍሬም አሳማውን አርዶ ጓሮ ሰቅሎት ነበር። ቢላውን እንደያዘ ቀና አለ።

«እንግዳ ነው? ወይስ መንገዱ ጠፍቶህ?»

«አልጠፋኝም። ሽታውን ተከትዬ መጣሁ።»

«የአሳማውን ወይስ የኔን?»

«ለይቼ ምን አደርጋለሁ።»

ሸምግሏል። ጉንጩ ገብቷል። አፍንጫው ግን ያው የሷ ነው… ይሄን አላሰብኩበትም ነበር፤ ስመጣ መንገድ ላይ የደረደርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ስለዚህ በአጭሩ አልኩት፦ ትልቁ ደወል ሰው ይፈልጋል።

ሩበን ላከህ? አለኝ። ማንም አልላከኝም፣ ቄሳችን ታመዋል አልኩት። ምን አገኛቸው? አለ።

«ካልሲያቸው ገጠመ።»

ራሴን አሞኝ እንደሆነ አየኝ። ተቀመጥ አለ። በርሜል ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ሁለቴ የተደወለችውን፣ ያልተደወለችውን፣ እሳቱን፣ ክንዴን። ክንዴን መናገር ከሁሉም ከበደኝ። እሱም ደዋይ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። አንዴም አልቀለደም።

ሲበቃኝ ቢላውን በሣር ጠረገ።

«ያን ቀን የምቆጣው ሰው ያስፈልገኝ ነበር፣ ጃቤዝ። አጠገቤ ያለኸው አንተ ነበርክ።»

«ተንገዳግዷል ግን» አልኩት። «ደወሉ። እንባዬ ገመዱን ጋርዶብኝ።»

«አውቃለሁ። ዛሬም እሰማዋለሁ። ሌላ ዓይነት ቢሆን ኖሮ አልወደውም ነበር።»

ይህን ለምን ሰባት ዓመት አቆየው? እኔስ ለምን አልጠየቅሁትም?

ሐሙስ ልምምድ ነው፣ አትዘግይ ብዬው ተነሣሁ። ጉበት በጎመን ቅጠል ጠቅልሎ አስያዘኝ። ቤት ስገባ ጠበስኩት። ራድሎች አሳማ ማድለብ ሁልጊዜም ያውቁበታል።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ቅርጫቱን መለስኩ። ቄሱ በር ላይ ቆመው ከኔ ወደ ቅርጫቱ፣ ከቅርጫቱ ወደ እኔ አዩ። ገመዱን ኤፍሬም ይይዘዋል አልኳቸው። የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ፣ በጥቁር ልብሳቸው።

«ይቅር አሉኝ ማለት ነው?»

«ለሱ ገና ነኝ» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ግን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በጣም ይቀዘቅዛል ድንጋዩ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 24

ስብከቱ ተጀምሮ አለቀ። ካልሲያቸው አንዱ ግራጫ አንዱ ቡናማ። ተመስገን።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 26

የቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን። ደወሉት።

እኔ ማማው ውስጥ መሆን አልቻልኩም፤ እጄ አይታመንም። ቄሱም አልገቡም፤ «ደዋዮቹ ፊቴን ካዩ ይሳሳታሉ» አሉ። ሁለታችን መቃብር ቦታው አጥር ላይ ተቀመጥን፣ ብርድ ልብስ ጉልበታችን ላይ። ኦገስታ ናቸው የጣሉብን። ጉም ነበር። ደወሎቹ ከጉሙ ውስጥ ይመጣሉ፣ የሚደውላቸው ሰው የሌለ ይመስል።

መጀመሪያ ላይ ኤፍሬምን ብቻ ነበር የማዳምጠው። ስሕተት ስፈልግ። አገኘሁ፤ ትንሽ ያዘገያል። ከዚያ ስሕተት መፈለጌን ረሳሁ። አርባ ዓመት ከውስጥ ነው የሰማሁት፤ ከውስጥ የራስህን ገመድ ነው የምትሰማው። ከውጭ እንዲህ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ዶርካስ በየሳምንቱ ይህን ነበር የምትሰማው? በመስኮት ቆማ?

ቄሱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰዓቱ ሄደ። እግሬ ደነዘዘ። ድንገት ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«አሁን» አሉ። «ይህቺ ናት።»

ሰባት ምት፣ ከዚያ ትልቁ። አለፈች። አንድ ትንፋሽ አትሞላም። ከፊቷ ካለፈችውም ከኋላዋ ከመጣችውም ለይቼ አልሰማኋትም፤ እውነት ለመናገር። ቄሱ ግን ሰሟት። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን አልጠረጉም፤ እንባው ዝም ብሎ ወረደ።

ሲያልቅ እጄን አየሁት። ብርድ ልብሱ ላይ ሆኖ የሌለ ገመድ ይስባል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሳበ እንጃ። ቄሱም አዩት። እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ። አልነጠቅኋቸውም።

«አሁንስ?» አሉኝ። ምኑን እንደሚጠይቁ አውቄያለሁ፤ ያንን የበሩ ደረጃ ላይ ጥያቄ።

«አሁን እሺ» አልኩ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 12

ጣውላው ተመልሶ ተሰቀለ። ስሜን የፋቅሁት ራሴ ነኝ። ቀለም ቀቢው ሊፍቀው ነበር፤ ያ ሰው እንጨት ያቆስላል። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ በግራ እጄ። ባሉጡ ሥር ድረስ ንጹሕ ሆነ፤ ማንም ስም ነበረበት አይልም።

አሁን እዚያ ቦታ «ኤፍሬም ራድል» ይላል። አነበብኩት። ራድል… አግብታኝ ስሜን ከመውሰዷ በፊት የዶርካስም ስም ይህ ነበር። ሰባተኛው ደዋይ መሰላሉን ሊያነሳ ሲመጣ ቆይ አልኩት። ደግሜ አነበብኩት።

ኤፍሬም ከጎኔ ቆሞ «ይከፋሃል?» አለኝ። ይከፋኛል አልኩት። ውሸት ምን ያደርጋል። ትከሻዬን መታ አደረገኝ፣ ደህናውን።

ከዚያ ቄሱ፣ ኤፍሬምና እኔ ቤቴ ገባን። ኩባያ አላዳረሰንም፤ ቄሱ በሾርባ ሣህን ሻይ ጠጡ፣ ልዩነቱንም አላስተዋሉ። ኤፍሬም ጎማ ስላለው ነገር ሁሉ እንደሚያውቅ አወራ። አንዱንም አያውቅ። ቄሱ ሁለታችንን እያፈራረቁ ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ዱቄት ይፈልጋሉ። ሲሄዱ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ግን እንደ ድሮው ጸጥታ አልነበረም። ወንበሮቹ ገና ተጎትተው እንደወጡ ናቸው። አልመለስኳቸውም።

ኤፍሬም ደወሉን ያዘገያል። ቄሱ በጨዋነት ዝም ይሉታል፣ ሩበን ይፈራዋል። ሐሙስ ማማው እወጣለሁ። ደረጃው ብዙ ነው፣ ቀስ እላለሁ። አንድ ሰው ሊነግረው ይገባል።